ባህሩ ምሳ የወጣበት ቅዳሜ

አህመዲን ዋሽቷል። ይህን ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሰውየውን ጨዋ አድርገን እንጀምርና መሃል መንገድ ላይ እንተዛዘባለን።

ውሸቱ ሲጀመር ትንሽ ነበር። አንድ ዝናባም እሁድ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ያለችው ጠባብ ፍላቱ ውስጥ፣ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጁ ኢስሃቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን በቴሌቪዥን እያየ፣ «አባባ፣ አንተ ዓሣ ይዘህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። አህመዲን ሃያ ስድስት ዓመት የለንደንን ቀይ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ደሴ ውስጥ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። ዓሣ የያዘው በሹካ ብቻ ነው። ነገር ግን ልጁ ከስንት ጊዜ በኋላ ከስክሪን ላይ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን ሲያየው አንጀቱን በላው።

«እንዴታ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት። በቀን አርባ ዓሣ እይዝ ነበር።»

ሐይቅ ያለው ከደሴ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ነው። አህመዲን ያየው ሁለት ጊዜ ሲሆን ሁለቱንም ጊዜ ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ማታ ላይ ግን አርባው ዓሣ ስልሳ ሆነ፤ የአምስት ዓመቷ ዓፊፋም ለእናቷ ስትነግራት አባባ በትልቅ ዓሣ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር አድርጋ ነገረቻት።

እናትየው ሰቢሃ፣ የአህመዲን አንድ ልጁ፣ ሃርልስደን ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ቅዳሜ ትሠራለች። ባሏም ቅዳሜ ታክሲውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ልጆቹን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ እዚያ ቤት ተነሥቶ አያልቅም። አህመዲን ጡረታ ሲወጣ «እኔ አለሁ!» ብሎ ደረቱን መታ፤ ሦስት ጊዜም ተሞከረ። መጀመሪያ ሙዚየም ወሰዳቸው፤ ዳይኖሰሩ ሥር አግዳሚ ላይ እንቅልፍ ጣለውና ልጆቹ አያታችን ጠፋብን ብለው በድምፅ ማጉያ አስጠሩት። ቀጥሎ መናፈሻ ወሰዳቸው፤ ሁለት ልጅ ይዞ ሄዶ ሦስት ይዞ ወጣ። የሦስተኛዋ ልጅ እናት እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እየጮኸች ተከትላቸዋለች። ሦስተኛው ጊዜ መዋኛ ቦታ ነበር፤ ስለ እሱ በቤተሰቡ ውስጥ አይወራም።

«አባ፣ ቅር እንዳይልዎት» አለችው ሰቢሃ። «የቅዳሜ ክለብ አግኝቼላቸዋለሁ። ሥዕል አለ፣ ቴኒስ አለ። ፎርሙን ኦንላይን ሞልቼ ጨርሻለሁ፤ ሰብሚት ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ።»

አህመዲን ቅር አለው። ቅር አለው ብቻም አይደለም፣ ክው አለ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ሥራ እያለው ሳምንቱ እንደምንም ያልፍ ነበር፤ አሁን ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያወራው ከማንቆርቆሪያው ጋር ነው። ቅዳሜንም ካጣት ሳምንቱ የሚያዝበት እጀታ አይኖረውም። ይህን ለልጁ መናገር አልቻለም፤ ያለው ሌላ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪኝ። ባህር ወስጄ ዓሣ ማጥመድ አስተምራቸዋለሁ። ሙያዬ እኮ ነው!»

«እሺ» አለች ሰቢሃ በመጨረሻ። «ንጹሕ አድርገው፣ ሁለቱንም፣ ሁለት ብቻ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ካደረሱልኝ ፎርሙን እተወዋለሁ። ካልሆነ ግን እሁድ ጠዋት እልከዋለሁ።»

አህመዲን በዚያ ሳምንት እንዳጠና ለመንጃ ፈቃዱ እንኳ አላጠናም። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ ክር ሲወረውር አርባ ጊዜ አየ። ለዓሣ አጥማጆች ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና በጋዜጣ የተጠቀለለ የባህር ትል ገዛ። ዘንጉን ሳሎን ውስጥ ሊሞክረው ሲወረውር መንጠቆው በመስኮቱ ወጥቶ የታችኛዋን ጎረቤት የተሰጣ ፎጣ ይዞ መጣ። ፎጣውን ሲመልስላት ምንም አልጠየቀችውም፤ እሱም ምንም አላስረዳትም።

ሱቁ ግድግዳ ላይ ባህሩ የሚሞላበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ተሰቅሎ ነበር። ሻጩ የቅዳሜን መስመር በጣቱ ጠቁሞ ባህሩ የሚሞላበትን የማታውን ሰዓት አሳየው፤ ውሃው ሲመጣ ዓሣውም አብሮ እንደሚመጣ፣ ሲሸሽ ግን መድከም ከንቱ እንደሆነ አስጠነቀቀው። አህመዲን የሚጽፍ ሰው ነው። ደብተሩን አወጣና በአማርኛ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ «ቅዳሜ ባህር የሚሞላው ሰባት ሰዓት ከአሥር» ብሎ ጽፎ ኪሱ ከተተ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እሱ ግን ገና አላወቀም፣ እኛም ለጊዜው ዝም እንበል።

ዓርብ ማታ ደብተሩን ከፍቶ አነበበና ለባዩ ደወለለት። ባዩ የሥራ ባልደረባው ነበር፤ እሱም አውቶቡስ ነጂ፣ እሱም ጡረተኛ። የሚኖረው ኬኒንግተን ነው። ጴንጤ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ እንኳ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ብዙ ጊዜም ያገኛል። ስድስት ዓመት የሞላት ሲና የምትባል የልጅ ልጅ አለችው።

«ባህሩ ሰባት ሰዓት ላይ ይሞላል» አለው አህመዲን። «ስድስት ተኩል ላይ ደርሰን ቦታ እንያዝ።»

«ሰባት ሰዓት ጥሩ ነው፤ ምሳችንን እዚያው እንበላለን» አለ ባዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሊቨርፑል ስትሪት ወደ ሳውዝኤንድ የሚሄደውን ባቡር ያዙ። ባዩ ለሦስት ልጅና ለሁለት ሽማግሌ ሳይሆን ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ ስንቅ ይዞ ነበር፤ የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ሃያ አራት። አህመዲን ልጆቹን ከተቀመጡ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው ይቆጥራቸዋል። ሦስት። ሦስት። ሦስት። አንድ ጊዜ አራት ሆኑበትና ልቡ ሊቆም ነበር፤ ለካ ከወንበሩ ጀርባ ሌላ ቤተሰብ ተቀምጧል።

ዓፊፋ በመሃል ጋዜጣውን ፈትታ ትሎቹን አገኘቻቸው። መጮኽ ሲጠበቅባት በደስታ ቀለጠች።

«ይሄ ኦሊቪያ ነው። ይሄ ደግሞ ሚስ ፓቴል። ይሄ ትንሹ ቤቢ ኦሊቪያ» እያለች የክፍሏን ልጆችና የአስተማሪዋን ስም አደለቻቸው።

«እሱ እኮ የዓሣ ምግብ ነው የኔ ቆንጆ» አላት አህመዲን። «መንጠቆው ላይ ይሰካል።»

ዓፊፋ አፏን ከፍታ አየችው። «ሚስ ፓቴልን?»

ባቡሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞር አለ። ዓፊፋ ትሎቹን እቅፏ ውስጥ ከታ አንድም ሰው እንዳይነካቸው አወጀች። ሲናም ደገፈቻት። ኢስሃቅ በበኩሉ ጉዳዩ በድምፅ ይወሰን አለና ሽማግሌዎቹ ሦስት ለሁለት ተሸነፉ፤ መንጠቆዎቹም ከሣጥናቸው ሳይወጡ ቀሩ። አህመዲን ብዙ አልተከራከረም። እውነቱን ለመናገር ትል መንካት ይቀፈዋል።

ሳውዝኤንድ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኖ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች። አህመዲን ሁለቱን ዘንግ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሦስቱን ልጆች አስከትሎ፣ እንደ ዘማች ደረቱን ነፍቶ ቁልቁለቱን ወረደ። መንገዱን ተሻገሩ፤ ግንቡ ጋ ደረሱ፤ ቆሙ።

ባህር የለም።

ጭቃ ነው። ዓይን እስኪደክም ድረስ ጭቃ ነው። ጀልባዎች በጎናቸው ጋደም ብለው ተኝተዋል። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ቀጭን የሚያብለጨልጭ መስመር ይታያል፤ እሱም ውሃ ይሁን ፈረንሳይ አይታወቅም።

«አባባ» አለ ኢስሃቅ። «ዌር ኢዝ ዘ ሲ?»

አህመዲን ጉሮሮውን ጠረገ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «አውቶቡሱ ለምን ዘገየ?» ለሚል ሕዝብ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው፤ መልስ አያጣም። «ምሳ ወጥቷል» አለ።

ልጆቹ ይህን በቀላሉ ተቀበሉት። ባዩ ግን አልተቀበለውም። ኮፍያውን አወለቀና ሰማዩን አየ፣ ጭቃውን አየ፤ ፊቱ ገረጣ። «አህመዲን፣ ጌታ መጥቶ እኛን ረስቶን ሄዶ ይሆን እንዴ?»

«ባህሩን ብቻ ወስዶ?»

በዚህ መሃል ውሻዋን ይዛ የምትሄድ አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ዘንጎቹን አየችና በአዘኔታ ቆመች። ባህሩ እንደሸሸ፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ ግን ሞልቶ እንደሚመለስ ነገረቻቸው።

«አሁን እኮ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው» አላት አህመዲን፣ ትንሽ ቆጣ ብሎ።

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። ቀጥሎ አህመዲንን አየች፤ ከዚያ ውሻዋን አየች። «አንድ ሰዓት ሊሆን ነው» አለችው በጣም በዝግታ፣ ከሰመመን ለነቃ ሰው እንደሚነገር።

አህመዲን ደብተሩን አወጣ። ሰባት ሰዓት ከአሥር። የገዛ የእጅ ጽሕፈቱ ነው። ቀስ እያለ፣ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ገባው። በእንግሊዝ ሰዓት አይቶ በአማርኛ ጻፈው፤ በአማርኛ ስለተጻፈም በሐበሻ ሰዓት አነበበው። በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን ያልተሳሳተውን ስህተት፣ ጡረታ ወጥቶ ተሳሳተው። ስድስት ሰዓት ሙሉ! ባህሩም ደግሞ የተነጋገሩ ይመስል ሞልቶ እስኪሸሽ የሚፈጅበት ያንኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ውሃ ያገኝ ነበር፤ ሦስት ቢሳሳትም እግር የሚያርስ አይጠፋም። እሱ ግን ባህሩ ፈጽሞ በሌለበት ደቂቃ ከች አለ። አውቶቡስ ሲነዳ እንኳ እንዲህ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።

«ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖረህ!» አለው ባዩ፣ ሲገባው።

«አንተስ? ሰባት ሰዓት ስልህ ምን ገባህ?»

«ሰባት ሰዓት ነዋ!»

«እኮ!»

ሁለቱ ሲከራከሩ ልጆቹ አጠገባቸው አልነበሩም። ዘወር ብለው ሲያዩ ጫማቸው ግንቡ ላይ ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ ጭቃው ውስጥ ናቸው። ሲና እስከ ጉልበቷ ሰምጣ ትስቃለች። ዓፊፋ ትሎቹን አንድ በአንድ፣ በስማቸው እየተሰናበተች፣ ወደ ቤታቸው ትመልሳለች። ኢስሃቅ በሆዱ ተንሸራቶ ከተማውን ለቆ እየሄደ ነው። አህመዲን «ንጹሕ አድርገው» የሚለው የሰቢሃ ቃል ጆሮው ላይ ሲያቃጭል ሰማው።

ልጆቹን ከጭቃው ጫፍ ሰብስቦ ያለ መንጠቆ፣ ያለ ውሃ፣ ክር መወርወር ሊያስተምራቸው ሞከረ። ሲና በመጀመሪያው ሙከራ የባዩን ኮፍያ ያዘች። ኢስሃቅ በሁለተኛው የራሱን አያት ያዘ።

«አባባ፣ ሐይቅም ምሳ ይወጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀው ልጁ፣ ክሩን ከአንገቱ ላይ እየፈታለት።

«ዝም ብለህ ፍታ።»

ስልኩ ያን ጊዜ ጢን አለ። ሰቢሃ ናት። «አባ፣ እንዴት ናችሁ? የያዛችሁትን ዓሣ ፎቶ ላኩልኝ!» ይላል መልእክቱ።

አህመዲን ወደ ጓደኛው ዞረ። «ባዩ፣ ዓሣ ያስፈልገኛል።»

«ልጸልይ?»

«ሱቅ ሂድ!»

ባዩ ሁለቱንም አደረገ፤ እየጸለየ ሱቅ ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በደስታ እያበራ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ነገር ይዞ መጣ። አህመዲን ሲፈታው ዱቄት ለብሶ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ከድንች ጥብስ ጋር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነዋ! ዓሣ አምጣ አልከኝ።»

«ኮምጣጤ አስደርገህበታል እኮ!»

«ነጻ ነው አሉኝ።»

ሌላ መፍትሔ አልነበረም። አህመዲን የተጠበሰውን ዓሣ በክር አሥሮ ዘንጉን ከፍ አደረገ። ከሩቅ ቢነሣ፣ ፀሐይ ከጀርባ ብትሆን፣ ሰቢሃም መነጽሯን ባታደርግ ዓሣ ይመስል ይሆናል። ዓፊፋ ዓሣውን ሽቅብ እያየች፣ «ለምንድነው ኮት የለበሰው?» አለች።

«በል አንሣኝ» አለ አህመዲን፣ ስልኩን ለኢስሃቅ ሰጥቶ። «ባህሩ እንዳይታይ አድርገህ።»

«የትኛው ባህር?»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በአንድ ትንፋሽ ነው። የለንደን እርግብ የሚያህል ሳይሆን የሠርግ ዶሮ የሚያህል አንድ ነጭ የባህር ወፍ ከሰማይ ተወርውሮ የተጠበሰውን ዓሣ በአፉ ላፍ አደረገና ወደ ላይ ወጣ። ክሩ ዝዝዝዝ እያለ መተርተር ጀመረ። አህመዲን፣ በዩቲዩብ አርባ ጊዜ እንዳየው፣ እግሩን አንፈራጥጦ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ ዘንጉን ጨብጦ ያዘ። ወፉ ይስባል፤ አህመዲን ይስባል። ባዩ አህመዲንን በቀበቶው ይዞ በኢየሱስ ስም ልቀቅ እያለ ይጮኻል። ሲናና ዓፊፋ ለወፉ ያጨበጭባሉ። ልክ በዚያች ደቂቃ ስልኩ ጠራ። ሰቢሃ ፎቶው ቢዘገይባት በቪዲዮ ደውላ ነው። ኢስሃቅም ጨዋ ልጅ ነውና አነሣው።

«ማሚ! አባባ ወፍ ያዘ! ኮት አ በርድ!»

ሰቢሃ የፋርማሲውን ነጭ ጋዋን እንደለበሰች ስክሪኑ ውስጥ አለች። የምታየውም ይህን ነው፦ አባቷ ሰማይ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። አባባ ባዩ ከኋላው ተንጠልጥለዋል። ልጆቿ ከጥርሳቸው በቀር ጥቁር ናቸው። ከሁሉም ጀርባ እስከ አድማስ ድረስ ባህር የሚባል ነገር የለም።

ዓሣው ለሁለት ተገመሰ። ወፉ ትልቁን ድርሻ ይዞ ሄደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በጀርባቸው ጭቃው ላይ ተነጠፉ።

«አባ» አለች ሰቢሃ ከስልኩ ውስጥ፣ ቀስ ብላ። «ባህሩ የት አለ?»

ባዩ ጆሮው ሥር «የሆነ ነገር በላት» እያለ ይጎተጉተዋል። አህመዲን ግን የተኛበት ጭቃ ቀዝቃዛ ነበር፤ ውሸቱም አልቆበታል። ተነሥቶ ስልኩን ተቀበለና ሁሉንም ነገራት። ሰዓቱን ነገራት። ደብተሩን አሳያት። ዓሣው የተገዛ መሆኑን፣ ያውም የተጠበሰ መሆኑን ነገራት። ከዚያ አንገቱን ደፋና፣ «ሐይቅንም ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ዓሣ በሕይወቴ ይዤ አላውቅም» አለ። ኢስሃቅ እዚያው አጠገቡ ቆሞ ይሰማል።

ስክሪኑ ላይ የሰቢሃ ፊት ንቅንቅ አላለም። «ከዚያች ቦታ እንዳይነቃነቁ» አለች። «እየመጣሁ ነው።» ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሦስት ሰዓታት ለአህመዲን እንደ ሦስት ዓመት ነበሩ። ግንቡ ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ሳይበላ ይደረድራል። ፎርሙ እንደተላከ ቆጠረው። ቅዳሜዎቹን ከአሁኑ አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ሁሉም ላይ እሱና ማንቆርቆሪያው ብቻ ናቸው። ኢስሃቅ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና እንቁላል ወሰደ።

«አንድም ዓሣ አልያዝክም? ዚሮ?»

«ዚሮ።»

ልጁ እያላመጠ አሰበበት። «በርድ የያዘ አያት ግን ማንም የለውም» አለና ወደ ጭቃው ተመልሶ ሮጠ። አህመዲን ሆድ ባሰውና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ እጅጌው ጭቃ ነበርና የባሰ አደረገው።

ባዩ በበኩሉ እጁን ወደ አድማስ ዘርግቶ ባህሩ ይመለስ ዘንድ በጽኑ ይጸልይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ ቀጭን መስመር ወፈር አለ። አሥር ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ ከጎናቸው ቀና ማለት ጀመሩ። ውሃው በጭቃው መሃል እየተጥመዘመዘ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ መጣ። ባዩ አለቀሰ። አህመዲን ሠንጠረዡን ሊያስታውሰው አስቦ ተወው፤ የሰው ደስታ ለምን ይነካል። ልጆቹም ባህሩን «ዌልካም ባክ!» ብለው ተቀበሉት፤ ምሳው ምን እንደነበርም ጠየቁት።

ሰቢሃ የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። አለቃዋን ለምና፣ ጋዋኗን እጇ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቁልቁለቱን ወረደች። አህመዲን ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ተነሥቶም ምን እንደሚያደርግ ጠፋበት። እሷ በአጠገቡ አልፋ ልጆቹን አየች፤ ቆጠረቻቸው፤ ጣታቸውንም ሳይቀር ቆጠረች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። አንድ እንቁላል አነሣች።

«ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቦታ ቀየረ» አለች።

አህመዲን በደንብ አልሰማትም። «ሳቅሽ?»

«ወፉ ሲጎትትዎት!» አለችና እንደገና ፈነዳች፤ እንቁላሉ ትን እስኪላት። ሲያልፍላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «ግን አባ፣ ለምን ዋሹ? ለእነሱስ ይሁን፣ ለእኔ ለምን?»

አህመዲን ውሃ ውሃውን እያየ መለሰላት። «አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ ብላቸው ምን ይሉኛል ብዬ ነው። አውቶቡስ በየቀኑ ያያሉ። ዓሣ አጥማጅ ብሆን ይወዱኛል ብዬ ነው። ቅዳሜን እንዳትወስጂብኝ ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ሌላ ምንም የለኝም።»

«እኔ ትምህርት ቤት ሁሉ 'ያንን አውቶቡስ የሚነዳው አባቴ ነው' እያልኩ ነው ያደግሁት» አለች ሰቢሃ። «ቅዳሜ እርስዎ ሥራ ነዎት። እኔ ደግሞ የአውቶቡስ ካርዴን ይዤ ፎቁ ላይ የፊት ወንበር እቀመጥና ደርሶ መልስ ስሄድ እውላለሁ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ያዩኝ አይመስለኝም ነበር።»

«በመስታወቱ አይሽ ነበር» አለ አህመዲን። «ሌላ ምን አይ ነበር ታዲያ?»

«እንግዲያው ለዚህ ነው ሁሌ የምንዘገየው!»

ሁለቱም ሳቁ። ሰቢሃ አፍንጫዋን ጠረገችና ስልኳን አወጣች። ፎርሙ እዚያው አለ፣ ተሞልቶ፣ ሁለት ቁልፎች ከሥሩ፤ አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መሰረዣ። ስልኩን ዘረጋችለት።

«ይኸው፣ እርስዎ ራስዎ ይሰርዙት» አለችው። «በገዛ እጅዎ።»

አህመዲን ስልኩን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን ተቀበለው። መነጽሩ ላይ ጭቃ ነበር፤ እንቁላል የላጠበት ጣቱም ያዳልጥ ነበር። ተጫነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነና አንድ ትልቅ የደስ ደስ ያለው ምልክት ወጣ፤ ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ ልጆችዎን በናፍቆት እንጠብቃለን ይላል።

ባዩ ኮፍያውን አወለቀ። አህመዲን ስልኩን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ፣ ሰቢሃን ለማየት አቅም አጥቶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ሰቢሃ ስልኩን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወሰደች። አየችው። በዚያ ቀን ከሳቀችው ሁሉ የበለጠ ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞሮ እንደገና ወደ ሳቅ ተመለሰ። ጭቃ በጭቃ የሆነውን አባቷን በንጹሕ ሸሚዟ አቀፈችው።

«ሰኞ ጠዋት ደውዬ ካንስል አደርገዋለሁ» አለችው ጆሮው ሥር። «እርስዎ ግን አባ፣ ከእንግዲህ ምንም ነገር አይንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼን ብቻ ይያዙልኝ።»